በዋይ ቦታ

ማቶዚኞስ ወደብ፣ ከምሽቱ ሁለት፤
የማታ ትምህርት ቤት፣ ከዓሣ ገበያው ፊት።
ዴኦሊንዳ መጣች፣ እጇን በሎሚ አሽታ፤
አልለቀቃትም ግን የሰርዲኑ ሽታ።
ሠላሳ አራት ዓመት ጥፍር ሥር ሰንብቶ
በምን ሎሚ ይሄዳል፣ በአንድ ማታ ተሰናብቶ?
የዘጠነኛ ክፍል ወረቀት ካልያዘች
የፈረቃ አለቃ አትሆንም ተብላለች።

መምህር ባልታዛር ጠመኔውን አንሥቶ
ጥያቄውን ጻፈ ሰሌዳውን ሞልቶ፦
«ሳጥን አለ ትንሽ፣ ክብደቱ ሦስት ኪሎ፤
ሳጥን አለ ትልቅ፣ ስምንት ኪሎ አዝሎ።
አርባ ሳጥን ጫንን፤ ሚዛኑ ሲነበብ
መቶ ዘጠና አምስት። የቀረው፣ ማሰብ።
ትንሹ ኤክስ ይሁን፣ ትልቁ ደግሞ ዋይ፤
ስንት ስንት ነበሩ? ማን ነው የሚለይ?»

ዋይ። በእኔ ቋንቋ ሲሰማ ለቅሶ ነው፤
በእርሷ አገር ባዕድ ፊደል፣ ማንንም የማያመው።

«ሁለት ስውር» አለ «ባንዴ አይጨበጥም፤
አንዱ ቦታ ሳይለቅ ሌላው አይገለጥም።
ዋይ ማለት እንግዲህ፣ ሌላ ስም የላት፣
አርባ ሲቀነስ ኤክስ ብላችሁ ጻፏት።
ከታችኛው መስመር ዋይን አንሡና
ይህንን አስገቡ፣ በቅንፍ፣ በጥሞና።»

ዋይ ነበረች፣ ወጣች። በቆመችበት
ቅንፍ ተተከለ፣ ኤክስ ያለበት።

ዴኦሊንዳ ይህን ስትሰማ ሣቀች፤
ይህችን ዓይነት ሒሳብ ከጥንት ታውቃለች።

አሥራ ስድስት ዓመቷ፤ ጥር ነው፤ ባሕሩ ክፉ፤
የታላቋ ልብሶች፣ የፌሊስሚና፣ ገና ሳይታጠፉ፣
አለቃው መጣና ከደጃፍ ላይ ቆሞ፣
ባርኔጣውን አውልቆ፣ «ነፍስ ይማር» ብሎ፣ ደግሞ
«ዓሣ አይጠብቅም» አለ፣ «ቦታዋ ባዶ ነው፤
ሠላሳ አንድ ቁጥርን ማን ነው የሚሸፍነው?»
ዴኦሊንዳ ሄደች። ያው ሽርጥ፣ ያው ቁጥር፣
ያው ቢላ፣ ያው ርጥብ የእንጨት ወንበር።
ሴቶቹም ሳያውቁት በለመደ አፋቸው
«ፌሊስሚና!» ሲሏት «አቤት!» ትላቸው።
አላለቀሰችም፤ ማን ፋታ ሰጥቷት?
በደቂቃ ሃያ ራስ፣ በደቂቃ ሃያ ጅራት።

እርሳሷን ቀረጸች። ስምንቱን አባዛች
በአርባው ብቻ፤ ኤክስን ከደጅ ረሳች።
መልሱም ጉድ ሆነ፤ ከዜሮ በታች
ስድሳ ሁለት ሳጥን ተኩል ይዛ ቀረች።
«የሌለ ሳጥንማ» አለች «አሽጌ አላውቅም፤
ግማሽ ሳጥን ደግሞ ከእኔ ጠረጴዛ አይወጣም።»
መምህሩ ጎንበስ አለ፦ «ቅንፍ ማለት ቤት ነው፤
ስምንት በሩን ሲያንኳኳ ለሁለቱም ነው የሚደርሰው።»

ዝም አለች። እናቷ ታየቻት ዳቦውን ስትቆርስ፣
ለሁለት ልጅ። ለሁለት። እስከ ፋሲካ ድረስ።

ሰረዘች፤ ደገመች፤ ለሁለቱም አደለች፤
በላጲስ ብዛት ወረቀት ቀደደች፤
አምስት ኤክስ እኩል ነው መቶ ሃያ አምስት።
ኤክስ ሃያ አምስት! ዴስኩን መታች በእጇ፣ በደስታ ብዛት።

«ጨረስኩ!» አለችና ቦርሳዋን አነሣች።
«አልጨረስሽም፣ ዶና። ዋይስ? የት ሄደች?
የወጣች አትጠፋም፤ በር ላይ ትቆያለች።
ወደ ላይኛው መስመር አሁን ተመለሺ፤
ያገኘሽውን ይዘሽ የሸኘሻትን መልሺ።»

አርባ።
ሲቀነስ ሃያ አምስት።
አሥራ አምስት።

ሰባ አምስት ከትንሹ፣ መቶ ሃያ ከትልቁ፤
ሚዛኑ አልዋሸም። ተማሪዎቹ አለቁ፣
ወንበር እየጎተቱ፣ ጃንጥላ እየዘረጉ።
እሷ ግን ተቀምጣ፣ እጆቿ ደብተር ላይ እንዳረጉ፣
«ፌሊስሚና» ብላ ጠራች፣ በቀስታ።
መስኮቱን መታው የባሕሩ ካፊያ፣ መታ መታ።
ጠሪዋ እርሷ ናት፤ «አቤት» አላለችም፤
ጠበቀች፣ ጠበቀች፤ ማንም አልመለሰም።

ጽዳቷ ሴት በሩ ላይ፣ ባልዲዋን ይዛ፣
ልትገባ አልደፈረችም።

ከዚያ ከደረቷ ሥር የወጣውን ድምፅ
በእርሷ ቋንቋ ምን ብለው እንደሚጽፉት አላውቅም።
እኔ ከሰሌዳው ላይ ገለበጥኩት።